የሊቀ መንበሩ ቤት

ስጦታው የቢቸናው የቤት ማኅበራችን ሊቀ መንበር ሳለ ከእሱ በላይ ተቆርቋሪ አልነበረም። «መሬቱ የሁላችን ነው፤ ከከተማ የሚለቅ አባል ቤቱን ለማኅበሩ ይመልሳል እንጂ ለነጋዴ አይሸጥም» የሚለውን ደንብ ያጸደቅነው እሱ ደረቱን እየደቃ ስለወተወተን ነው። አንዲት መበለት ቤቷን ለወንድሟ ለማስተላለፍ ብትለምነው እንኳ አስለቅሶ መልሷታል።

ባለፈው ዓመት ሥራው ወደ ሞጣ ተዛወረ። በማኅበሩ የቤት ተራ የደረሳት ነርስ ፋንታነሽ ወደ ቤቱ ልትገባ ስትሰናዳ፣ አንድ የእህል ነጋዴ ሶፋና አልጋ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። ስጦታው ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ቁልፉን ይዞ ከጎኑ ቆሟል።

«ሸጥክለት?» አለችው ፋንታነሽ።

«ያ ደንብ የወጣው ለድሃ ነው» አላት ቅንጣት ሳያፍር። «እኔን ከእናንተ ጋር ትቆጥሪኛለሽ?»

ማንም አልጮኸበትም። ሁላችንም ከየቤታችን ወጥተን በሩ ላይ ተቀመጥን። ነጋዴው ግራ ተጋብቶ ምን እንደሆነ ጠየቀን፤ ነገርነው።

«የማኅበር ቤት ነው ብለህ መች ነገርከኝ?» ብሎ አፈጠጠበት።

ይኼኔ የስጦታው ድምፅ ተለሳለሰ። «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ተነሡና እንመካከር እንጂ» አለን። አሁን ገና ዘመዶቹ ሆንን! የሰደበን ጊዜ እንኳ እንደዚህ አልቀፈፈንም። ከተቀመጥንበት አልተነሣንም።

መኪናው ዞሮ ሄደ። ፋንታነሽ እጇን ዘረጋች፤ ዓይኗን ሳያይ ቁልፉን አስረከባት።

እሷ በማግሥቱ ገባች። እሱ ሞጣ ላይ ሌላ የቤት ማኅበር ሊያቋቁም አባላት እየመለመለ ነው ሲሉን፣ አልተገረምንም።