ዱቄቱ የመጣበት ዓመት

1

«ላሟ የታለች?»

2

ጠያቂዋ ወይዘሮ እንጉዳይ ናቸው። ተጠያቂው ወጣቱ የወተት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሽመክት። በመካከላቸው ጠረጴዛው ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ የወተት ዱቄት ከረጢት ተቀምጧል። እኔ ዳር ቆሜያለሁ። በሰፈራችን የወተት መሰብሰቢያ የወተት ጥራት መርማሪ ነኝ።

3

ለምን መጣን?

የፋብሪካው መኪና በየማለዳው ወተታችንን ይወስድ ነበር። አንድ ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞም።

ቀረ።

ሰዉ የቻለውን ለጥጃ አጠጣ፤ የተረፈው ቦይ ወረደ። ረቡዕ ዕለት እንጉዳይ «ምክንያቱን ከባለቤቱ አፍ ልስማው» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

4

ቢሮው ውስጥ የተባለው፣ እንደጻፍኩት፦

ሽመክት፦ እናቴ፣ መንግሥት ከዱቄት ወተት ላይ ቀረጡን አነሳ። ከተማው ወተት አጥሮታል፤ ልጆች እንዲጠጡ ነው። ዱቄቱ ደግሞ ከእናንተ ወተት ይረክሳል፤ ቶሎም አይበላሽም።

እንጉዳይ፦ ላሟ የታለች?

ሽመክት፦ ሩቅ አገር።

እንጉዳይ፦ ምን ትበላለች?

ሽመክት፦ (እየሳቀ) እሱን እንኳ አላውቅም።

እንጉዳይ፦ መንገድ ቢዘጋ፣ ዱቄቱ ቢቀርስ?

ሽመክት፦ ያኔ ወደ እናንተ እንመጣለን።

5

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ክፉ ሰው ትጠብቅ ይሆናል። እኔም ፈልጌ ነበር። ሽመክት ግን ከረጢቱን ፈትቶ አቀመሳቸው፤ እስከ መናኸሪያ ሸኘን። እንጉዳይ ጣታቸውን ልሰው «ይጣፍጣል» አሉ።



6

በዚያ ዓመት ለሥጋ የተሸጡ ላሞች፦

የአቶ ዘርጋው ሁለቱም።

የመሪጌታ ላቀው አንዷ፣ ከነእርግዝናዋ።

ቦራ።

ቦራ የእንጉዳይ ናት። ነጋዴው ሲጎትታት እምቢ አለች። እንጉዳይ ከፊቷ ሲሄዱ ግን ተከተለቻቸው። እስከ አይሱዙው ድረስ እንዲያ ወሰዷት።

7

በዓመቱ የውጭ ምንዛሪ ጠፋ። ዱቄቱ ቀረ። ቀረጡ ተመለሰ። ከተማ ያሉ እናቶች ከሱቅ ሱቅ ወተት ፍለጋ ይዞሩ ጀመር።

8

ሽመክት ራሱ መጣ፤ ባዶ በርሜሎች ጭኖ። እንጉዳይን ደጃቸው ላይ አገኛቸው።

«እናቴ፣ ወተት ፈልጌ ነበር።»

«ላሞቹ ተሸጡ እኮ፣ ልጄ።»

«አሁን እኮ ቀረጡ ተመልሷል! ለእናንተ ተብሎ ነው።»

እንጉዳይ በጣታቸው ቆጠሩ።

«ዛሬ ጥጃ ብገዛ፣ ለኮርማ እስክትደርስ ሁለት ዓመት። ከዚያ ዘጠኝ ወር ታረግዛለች። ሦስት ዓመት በለው።»

ቀና ብለው አዩት። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ነው የፈለጉት።

«ቀረጡ እስከዚያ ይቆያል?»

9

ሽመክት፦ (ሳይስቅ) እሱን እንኳ አላውቅም።