ይጠብቃል ወይስ ይላላል?

ታረቀኝን የሰደቡት የኔታ ገብረ ኪዳን ናቸው፤ ደብረ ወርቅ ላይ፣ በ1927 ዓ.ም. በኅዳር ጽዮን ድግስ፣ ቄሱም ምእመኑም እየሰማ። አባቱ ሞቶበት የፍትሐ ነገሥት ትምህርቱን አቋርጦ ሊሰናበታቸው ቢቀርብ፣ «ይኸ ልጅ ፍትሐ ነገሥቱን ትቶ ፍትፍቱን ብቻ ተምሮ ሄደ» አሉ። ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ፍትፍቱ ሆኖ ቀረ። ጣሊያን አገሩን ወርሮ እንኳ ይህን ስም ማስረሳት አልቻለም።

በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ጣሊያን ደምበጫን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። ከአርበኞች ጋር በሱዳን በኩል የገባ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ታረቀኝ አርበኛ ሆኖ በገባበት ጫካ ውስጥ ስለ አንዲት በቅሎ ሲሟገት አይቶት ኖሮ፣ ቃሉ ባይገባው አኳኋኑ ገባው። «ወንድሜ በአገሬ የሕግ መምህር ነው» አለው በአስተርጓሚ። «እዚያ ሕግ እንድትማር ማመልከቻህን እልክልሃለሁ። ግን የባዕድ አገር ተማሪ ያለ ምስክር አይቀበሉም፤ ያስተማረህ ሰው ጽፎ ይመስክርልህ።»

ያስተማሩት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው! እሳቸውም በጦርነቱ ተሰደው እዚያው ደምበጫ እኅታቸው ቤት ተጠግተዋል። ታረቀኝ እየተቆጣ ሰነበተ፤ እየተቆጣም ሄደ።

የኔታ ቀለም በጥብጠው አንዲት መስመር ጻፉና ወረቀቱን ይዘው ወደ ሐኪሙ ድንኳን አብረውት መጡ። አስተርጓሚው ኃይለ ሚካኤል ካርቱም ያደገ ነውና እንደ ቆሎ እየቆረጠመ አነበበው፤ «ታረቀኝ ከማንም ጋር ቢሟገት ይረታል።» ነገር ግን «ይረታል»ን አጠበቃት፤ የሚያሸንፈው ሰውዬ ተሸናፊ ሆኖ ዐረፈው።

ሐኪሙ ተገረመ። «ሁልጊዜ የሚሸነፍ ጠበቃ ለወንድሜ ምን ያደርግለታል?»

የታረቀኝ ደም ፈላ። ደግመው ሰደቡት! «የኔታ፣ ቃሉ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

የኔታ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ አሉ። «እኔማ ጽፌያለሁ። ሙግት ዐውቃለሁ ካልህ ተሟገትና አላላው።»

ቁስለኛው እያነከሰ፣ አጋሰስ ነጂው ጭነቱን ጥሎ ተሰበሰበ። ታረቀኝ እንደ ሙግት ወጉ ጋቢውን አደግድጎ ቆመ።

«ይጠየቁ፣ የኔታ!»

«ልጠየቅ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

«ሕግ ያስተማረኝ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ሌላስ መምህር ነበረኝ?»

«ከየት መጥቶ!»

«እንግዲያው እኔ ከማንም ጋር ተሟግቼ የምሸነፍ ከሆንሁ፣ የተሸነፈው ያስተማረኝ ነው። ቃሉ ይጠብቃል ካሉ መምህርነትዎ ላላ፤ ይላላል ካሉ መምህርነትዎ ጠበቀ። ይምረጡ!»

ሆዱን የተሰፋው አርበኛ «ኧረ አታስቁኝ፣ ልተረተር ነው!» እያለ ጮኸ። የኔታም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ይላላል! ይላላል! አዬ ጉድ፣ ረታኝ እኮ!»

ኃይለ ሚካኤል አሁን አላልቶ አስረዳ። ሐኪሙ ወረቀቱን ከማመልከቻው ጋር አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና፣ «ወደ ካርቱም ስመለስ አብረን እንወርዳለን፤ መልሱን እዚያ ትጠብቃለህ» አለ።

ታረቀኝ እጅ ነሥቶ ጋቢውን ፈታ፣ ተከናነበ፣ ስንቁን ሊያሰናዳም ቁልቁለቱን ተያያዘው። የኔታ ከኋላው ተጣሩ።

«ስማ እንጂ! አሜሪካኖቹ ‹ሕግ ማን አስተማረህ?› ቢሉህ ማን ትላለህ?»

ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ። ታረቀኝ ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነክሶ፣ የ‹ፍትፍቱ›ን ስድብ ብድር ሊመልስ ሳይነግራቸው መንገዱን ቀጠለ።