የአቢሊዮ ቅርጫት

እኔ ቤኒልድ ቁጡ ነኝ፤ መንደራችን ኮላሬስ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። በዚያ ቅዳሜ ግን ከቁጣዬም ጭንቀቴ በልጦ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ልቤ አላስቀምጥ ብሎኝ፣ አንዴ ወደ ጉድጓዱ፣ አንዴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል አያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮው የወይን ማሳችን መንገድ ወጥቶበት ጠፋ። ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ለኦሌጋሪዮ የቀረን፣ አባታችን ምንም ያልተከለበት ባሕር ዳር ያለ አሸዋ ብቻ ነው። ኦሌጋሪዮ፣ ሰባ አራት ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ ለሊዝበን ሰዎች ቤት መሥሪያ እንሽጠው አለ። እኔ ደግሞ የአባቴን ቀይ ወይን ሳልተክልበት አልሞትም አልኩ። የእኛ ወይን እንዲይዝ ሥሩ ከአሸዋው በታች ያለውን ሸክላ አፈር ማግኘት አለበት። ኦሌጋሪዮ፣ እዚህ እስከ ሲኦል ብትቆፍሩ ሸክላ የለም እያለ አሾፈብን። ተጨቃጨቅን፣ ተሰዳደብን፣ በመጨረሻ ተስማማን። ቅዳሜ የስድስት ሰዓቱ ደወል ከመደወሉ በፊት ሸክላው ከተገኘ ይተከላል፤ ካልተገኘ እኔም ለሽያጩ እፈርማለሁ።

ቆፋሪው ባሌ አቢሊዮ ነው። በአምስት ቀን ውስጥ ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ወርዷል። በእኛ አገር አሸዋ የሚቆፍር ሰው ቅርጫት ራሱ ላይ ደፍቶ ነው የሚገባው፤ አሸዋው ቢናድበት እስኪያወጡት የሚተነፍሰው አየር እንዲተርፈው። አቢሊዮ የዚያን ዕለት ጠዋት ሞቀኝ ብሎ ቅርጫቱን ወረወረው። ታዲያ እኔ ዝም የምል ሴት ነኝ? ቅርጫቱን ካልደፋህ አሸዋ የምስብበትን ገመድም አልይዝልህ፣ ምሳህንም አላቀምስህ አልኩት። እየተነጫነጨ ደፋው።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ኦሌጋሪዮ የአባታችንን የመጨረሻ ጠርሙስ ታቅፎ መጣ። ለሽያጩ ደስታ ሊጠጣው ነው! ቆሽቴ እርር አለ። ይህ ወይን ገና ልጅ ሳለ አፍ ያኮማትራል፤ ሃያ ዓመት ታግሦ ለጠበቀው ሰው ነው የሚገራው። ኦሌጋሪዮ ቀዳ፣ ተጎነጨ፣ ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ሊያሾፍ የመጣ ሰው እንዲያ ሲሆን ደነገጥኩ። ብርጭቆውን ነጥቄ ቀመስኩት። እንጆሪውና የባሕሩ ጨው አንድ ላይ መጡብኝ፤ አባቴ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ።

ይህን ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ነገር ዱብ አለ። ጎንበስ ብዬ ባይ አቢሊዮ የለም፤ አሸዋ ብቻ።

በመሰላሉ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ኦሌጋሪዮም ጠርሙሱን አሸዋው ላይ ጥሎ ተከተለኝ። በእጃችን ዛቅን፣ ጥፍራችን እስኪደማ ዛቅን። ወንድሜ እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ አቢሊዮ ከወጣ ማሳው ለምን ገደል አይገባም ይላል። አንድ ክንድ ያህል እንደዛቅን የቅርጫቱ ቂጥ ብቅ አለ። ከሥሩ ማስነጠስ ተሰማ።

ፊቱ ሲወጣ መጀመሪያ በጥፊ አልኩት፣ ከዚያ አገላብጬ ሳምኩት። እሱ ግን ቀኝ እጁን ከአሸዋው ለማላቀቅ ይታገላል። ጎትተን አወጣነው። ጭብጡን ፈታው።

«ሸክላው ይኸው» አለ።

እርጥብ፣ ሰማያዊ የሚመስል ጭቃ ነበር፤ ጣቶቹ ታትመውበታል። ገና ያንን እያየን ደወሉ መደወል ጀመረ።

አቢሊዮን ወደ ላይ አወጣነው። ከጠርሙሱ ውስጥ ግማሹ ተርፎ ነበርና ኦሌጋሪዮ ለእሱ ቀዳለት። እኔ ስለ ሽያጩ ምን ይል ይሆን ብዬ አፍ አፉን አያለሁ። ኦሌጋሪዮ ግን ቅርጫቱን አነሣ፣ አሸዋውን አራገፈ፣ ራሱ ላይ ደፋውና መሰላሉን ያዘ።

«ምን ተገትረሽ ታይኛለሽ? ገመዱን ያዢልኝ እንጂ» አለኝ። «ዛሬ ካልቆፈርን የምንተክለውን ወይን መቼ ልጠጣው ነው?»