አፍ ሙሉ ስፒል

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ያንቺው ግን ስፒል ገባበት" አለች አስተማሪዋ ወንበር ላይ እንደቆመች።

ልብስ ሰፊዋ በአፍንጫዋ ሳቀች። ተንበርክካ የአስተማሪዋን ቀሚስ ጫፍ እያጠፈች ነው። ስፒሎቹን በጥርሷ ትነክስና አንድ በአንድ እያወጣች ጨርቁ ላይ ትሰካለች። እስክትጨርስ ወሬ የለም።

የአስተማሪዋ ልጅ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀው፣ ሱቁን ስታምስ ቆይታ ከስፌት መኪናው ጀርባ የተሸጎጠች ልጅ አገኘች።

"ስምሽ ማነው?"

የተሸጎጠችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ናት። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሰፈሩ ድምቢጥ ይላታል። ሰው ሲጠይቃት የምትመልሰው እናቷ ናት። "ታፍራለች።" "በልታለች።" "መሮጥ አትወድም።" ለልጇ ማዘኗ ነው። ልጆቹ ግን ከእናትየው ጋር አውርተው ይሄዳሉ፤ ድምቢጥ እስከዛሬ አንድ ጓደኛ የላትም። እናትየውን የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

አሁንም ልትመልስላት አፏን ከፈት ስታደርግ ስፒሉ ምላሷን ወጋት። ዘጋችው።

"ዲዳ ነሽ እንዴ?" አለች ወላቃዋ።

"አንቺ ልጅ፣ ስርዓት!" ብላ አስተማሪዋ ዞር ልትል ስትል ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ሳብ አደረገችው። አትነቃነቂ ማለቷ ነው።

ከመኪናው ጀርባ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ጥርስሽን ማን ወሰደው?"

የልብስ ሰፊዋ እጅ ባለበት ቆመ።

"ራሴ ነቀልኩት። ይቺኛዋም ትነቃነቃለች፣ እያት።"

"ያማል?"

"ምንም አያምም። ትንሽ ያስለቅሳል እንጂ።"

ድምቢጥ አሰበችበት።

"እኛ ቤት ክር ሞልቷል" አለች።

"እህቴ፣ ጥርስ ሊነቅሉ ነው እኮ" አለች አስተማሪዋ ወደ ታች።

"እምም።"

ወዲያው ተጣሉ። ወላቃዋ ቀዩን ክር ፈለገች፣ ድምቢጥ ሰማያዊውን።

"ጥርሱ የኔ ነው።"

"ክሩስ የማን ነው?"

የልብስ ሰፊዋ ጉልበት ሊነሳ አለ። ሄዳ ብትገላግላቸው ደስታዋ ነበር። አልተነሳችም። አንድ ስፒል ሰካች፤ ጠመመባት።

"በቃ፣ ቀዩ ካንቺ ጥርስ፣ ሰማያዊው ከበሩ። መሃል ላይ እንቋጥረዋለን" አለች ድምቢጥ።

ቋጠሩት። ወላቃዋ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። ድምቢጥ በሩን ባለ በሌለ ኃይሏ ወረወረችው፤ ሱቁ ተንቀጠቀጠ። ቋጠሮው ተፈታ። ጥርሱ ንቅንቅ አላለም።

"ይሄ ነው ቋጠሮሽ?"

"አንቺ አይደለሽ የቋጠርሽው!"

መሬት ላይ ተንከባለው በሳቅ ፈረሱ። ልብስ ሰፊዋ ልጇ ሰው ፊት ስትስቅ ሰምታ አታውቅም። በስፒሎቹ መሃል እሷም ሳቀች፤ አንዱ ወደቀ።

የመጨረሻውን ሰካችና ተነሳች። "ጨርሻለሁ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ።"

አስተማሪዋ ልጇን እጇን ይዛ በር ላይ ደረሰች። ወላቃዋ ዞረች።

"ነገ ልምጣ?"

ድምቢጥ እናቷን አየች።

"ነይ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ቤትሽ ነው" የሚለው የልብስ ሰፊዋ ምላስ ላይ ደርሷል። የሚታጠፍ ጫፍ አልቀረም። የስፒል ቆርቆሮዋን ከፈተች፣ ሦስት አውጥታ ነከሰችና ልጇን ጠበቀች።