ጊዜው ያልደረሰው ሞጁል

ኢያቄም ላሊበላ ውስጥ የአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። የገና እንግዶችን በየክፍሉ የሚደለድልለት ፐርል በተባለ የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ሲዛወር አኩርፎ ቁጭ አለ። «ሞጁሌ የለም» ይላል፤ ሞጁል ማለት ፕሮግራሙ ያለ እሱ ንቅንቅ የማይልበት አጋዥ ኮድ ነው። እንግዶቹ ደግሞ ከአውሮፕላን ወርደው መንገድ ጀምረዋል።

የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ባንችይርጋ «እነሱ ሳይደርሱ ካልሠራህ ወንበሩን ለደሳለ ትለቃለህ» ብለውት ደጅ ላይ ቆመው መኪና ይጠብቃሉ። ደሳለ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ከወልድያ ከመጣ ጀምሮ በዚያች ወንበር ላይ ዓይኑን ጥሏል። አሁንም ከጀርባ ቆሞ ቆሎ ይቆረጥማል። ሰው እንጀራውን ሊያጣ፣ እሱ ቆሎ!

ኢያቄም ሞጁሉን ከኢንተርኔት ሊያወርድ ሞከረ፤ እምቢ። ኔትወርኩን ረገመ። እዚህ አገር ምንም ይበላሽ ምን መጀመሪያ የሚረገመው ኔትወርክ ነው፤ ያን ዕለት ግን ምስኪኑ ከደሙ ንጹሕ ነበር። ረግሞ ሲጨርስ መልእክቱን አነበበው፦ «የድረ ገጹ የደኅንነት ማረጋገጫ የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም።»

ያልደረሰ? ቀኑ ወደሚታይበት የኮምፒውተሩ ማያ ጥግ አየ። 2018 ይላል።

«ደሳለ! ኮምፒውተሩን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የመለስከው አንተ ነህ አይደል?»

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ባንችይርጋ በኩራት እየገቡ። «ዓመተ ምሕረቱን ስቶ 2026 ሲል አገኘሁትና አስተካከልሁት። ምነው፣ አጠፋሁ?»

ኢያቄም መልሱን በልቡ መዘነ። «አዎ» ቢል ወንበሩ ሄደ፤ «የለም» ቢልም ሄደ።

«ኧረ ምን አጥፍተው! ዓመቱስ ልክ ነው። ግን ሞጁሎቹ የፈረንጅ ናቸው፤ በኛ ዘመን ገና አልተወለዱም። በነሱ ቀን ብንጠራቸውስ?»

«ይጠሩ እንጂ! እነሱስ እንግዳ አይደሉ?»

ኢያቄም ቀኑን ወደ 2026 መለሰው። አንዱ ሞጁል ሲገባ «ጓደኛዬስ?» እያለ ሌላውን እያስጠራ፣ ተግተልትለው ገቡ። የክፍል ድልድሉ ታትሞ ሲወጣ ሚኒባሱ ደጅ ላይ ጡሩንባ ነፋ።

ደሳለ ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ «ድሮስ ቀን ይነካል እንዴ?» ሲል አጉረመረመ።

እትዬ ባንችይርጋ ወደ እሱ ዞሩ። «ትናንት እጄን ይዘህ "እዚህ ጋ ነው የሚቀየር" ያልኸኝ አንተ አይደለህም? ሂድ ሻንጣ አውርድ። ወንበሩ ባለቤት አለው።»