የተሰበረው ማረጋገጫ

ጋሼ «ቅንጣት» ብለው የጠሯት ገና ተማሪያቸው ሳለች ነው። ደቃቃ ስለሆነች፣ ደግሞም የምታጠናው የብርሃን ቅንጣት ስለነበረ ስሙ ተጣበቀባትና ቀረ። እናትና አባቷን በልጅነቷ ያጣች ናት። ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ ልጅ አልነበራቸውምና፣ ማንም ሳይወስን ቀስ በቀስ የቤቱ ልጅ ሆነች።

የጋሼ ሙያ የማይሰረቅ ምስጢር መሥራት ነበር። ሁለት ሰዎች የምስጢር ቁልፋቸውን በነጠላ የብርሃን ቅንጣቶች አድርገው በፋይበር ገመድ ይላላካሉ። መሃል ላይ ጆሮውን የጣለ ሰው ቅንጣቶቹን ሳይነካ ማንበብ አይችልም፤ ከነካቸው ደግሞ ይበላሻሉና ይነቃበታል። ይህ በእውነተኛ መሣሪያም እንደሚሠራ በሒሳብ ያረጋገጡት ጋሼ ናቸው። በሙያው ውስጥ ስማቸው የሚነሣው በዚያ ማረጋገጫ ነው። «ዓለም የማይሰርቀው ምስጢር እሠራለሁ፤ እቤት ግን አንዲት ሲጋራ ከእትዬ መደበቅ አቃተኝ» እያሉ ተማሪዎቻቸውን ያስቁ ነበር።

በኋላ ሳንባቸው ታመመ። ሳሎን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ አልጋ ተዘረጋላቸውና፣ የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ተደርጎ እዚያው ዋሉ። ቅንጣት በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪ ሥራውን ብቻዋን ቀጠለች።

አንድ ቀን አዲሱን ፈጣን ሌዘር ስትለካ ነገሩ አልጥማት አለ። ማረጋገጫው፣ ሌዘሩ ከሚልካቸው ብልጭታዎች አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳርፈው ተጽዕኖ ቢኖር እንኳ ወዲያው ይጠፋል ይላል። እዚህ ግን አልጠፋም፤ የአንዱ ድምቀት ተከታትለው በሚመጡት ሁሉ ላይ ይታይ ነበር። መሣሪያውን ጠርጥራ ሌላ ቀየረች፤ ያው ሆነ። ወደ ሒሳቡ ተመልሳ መስመር በመስመር ስትሄድ፣ ጋሼ «ግልጽ ነው» ብለው ያለፉት ቦታ ላይ ደረሰች። ግልጽ አልነበረም፤ ስህተት ነበር። ጆሮ ጣዩ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ሳይነቃበት ቁልፉን ሊያነብ ይችላል። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

መጀመሪያ የነገረችው ለእትዬ ነው፣ ወጥ ቤት ውስጥ። እትዬ እጃቸውን አደራርቀው በሩን ዘጋ አደረጉት። ስለ ሒሳቡ ምንም አልጠየቁም።

«ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የለውም ብሎኛል» አሉ። «የቀረው ያ ሥራው ነው። እባክሽ ልጄ፣ እሱን ይዞ ይሂድ።»

ቅንጣት እሺ አለች።

ከዚያ በኋላ በሄደች ቁጥር ዋሸች። ሥራው ደህና ነው፣ ሌዘሩ ብቻ ትንሽ አስቸገረን ትላለች። ያን ሰሞን የጋሼ ጭንቅላት ገና ስል ነበር፤ ትራስ ተደግፈው ይከራከሯታል፣ ይቀልዱባታል። እየዋለ እያደረ ግን ማስታገሻው በዛ፤ የጀመሩት ወሬም መሃል ላይ ይጠፋቸው ጀመር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሲጽፉት የቆዩትን መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ እንድትጽፍላቸው ጠየቋት። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሷ ትጽፋለች። ትንፋሽ እያጠራቸው፣ በየዐረፍተ ነገሩ እያረፉ ያችው መስመር ላይ ደረሱ። «ከዚህ በኋላ ያለው ግልጽ ነው» አሉ። የቅንጣት እጅ ቆመ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይሰበራል» አለች።

ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሟት። አንዳንድ ነገር ጠየቁ፤ መጠየቅ የነበረበትን ነው የጠየቁት። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና፣

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አሏት።

«እዚህ በተኙ ሰሞን።»

«ያኔ እኮ ማሰብ እችል ነበር» አሉ ጋሼ። «ስህተቱ አይደለም የከፋኝ፤ ሰው ይሳሳታል። አብረን እናስተካክለው ነበር። አንቺ ግን በሽተኛ ነው ብለሽ ተውሽኝ።»

እትዬ ናቸው ያስገደዱኝ ማለት ትችል ነበር። አፏ ድረስ መጥቶ ዋጠችው። ይቅርታ ብቻ ጠየቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስህተቱን አብረው ለማስተካከል ሞከሩ። ብርድ ልብሱ ላይ ወረቀት ይዘረጋሉ፤ ጋሼ አንድ መስመር ይጀምሩና ወዴት ሲሄዱ እንደነበር ይጠፋቸዋል፣ እንደገና ይጀምራሉ፣ እስክሪብቶውን እንደያዙ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። አንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሲያለቅሱ አየቻቸው። አንድ ጠዋት ሳይነቁ ቀሩ።

ከቀብር ሲመለሱ እትዬ፣ «እሺ ብለሽኝ ነበር» አሏት። እሷም እዚያ ቤት መሄድ ተወች።

ቀዳዳውን ለመድፈን ብዙ ለፋች። ጋሼ በመጨረሻ ከጫሩት መስመር አንዱም አልረዳት። ብልጭታዎቹ ቀስ ብለው ከተላኩና ከቁልፉም ጆሮ ጣዩ ሊያውቀው የሚችለው ጥቂት ክፍል ከተቆረጠ ምስጢሩ እንደማይሰረቅ በመጨረሻ አረጋገጠች። ይህን በጻፈችበት ጽሑፍ ላይ የጋሼን ስም ለማስገባት ፈቃድ ልትጠይቅ ወደ እትዬ ሄደች። አልጋው ከሳሎኑ ወጥቷል። እትዬ ጠቁረዋል፣ ከስተዋል። የመጣችበትን ሰምተው፣ ስለ ጽሑፉ ሳይሆን ለጋሼ እውነቱን ስለነገረችበት ቀን ጠየቋት። «ከዚያ ወዲህ እኔንም እምብዛም አያናግረኝም ነበር» አሉ።

«በእኔ ነው የተቆጡት» አለች ቅንጣት። «ዘግይቼ ስለነገርኳቸው።»

እትዬ ቀና ብለው አዩዋት።

«ደብቂው ያልኩሽ እኔ መሆኔን ነገርሽው?»

«አልነገርኳቸውም።»

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ቅንጣት ተነሥታ ልታቅፋቸው ፈለገች፤ ግን ተቀምጣ ቀረች።

«ስሙን ጻፊው» አሉ በመጨረሻ። እስከ በሩ ሸኟት። ተመልሰሽ ነይ ግን አላሏትም።