የአባቷ ጥሩምባ

አውቶቡስ ነጂዋ፣ አባቷ በጦር ሜዳ የነፋትን ጥሩምባ ስታፈላልግ ኖራ፣ በመጨረሻ አሮጌ የጦር ዕቃ ከሚሰበስብ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ሳሎን አገኘቻት። አባቷ ሲሞት አጎቷ ነበር ጥሩምባዋን ለዕቃ ነጋዴ የሸጣት።

«ልጄ፣ ለሰው የምሰጣት አይደለችም፤ የስብስቤ ዓይን ናት» አላት ሐኪሙ።

«ይሁን ጋሼ። ግን ምን እንደሠራች ያውቃሉ?»

አያውቅም ነበርና ነገረችው። ጦሩ ተበታትኖ ሳለ ጉሙ አጠገብ ያለን ሰው እንኳ አያሳይም ነበር። አባቷ ኮረብታ ላይ ወጥቶ፣ ጠላት ድምፁን እየተከተለ ሲተኩስበት፣ ከንፈሩ እስኪደማ ነፋ። መንገድ የጠፋቸው ወታደሮች ያንኑ ድምፅ ይዘው እየተንጠባጠቡ ተሰበሰቡ።

ሐኪሙ ከመቀመጫው ተነሣ። ከዚያ የመስተዋት ሣጥኑን ከፍቶ ጥሩምባዋን በሁለት እጁ አቀበላት።

«እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን ናስ የምወለውል መስሎኝ ነበር። ውሰጂያት፤ የቤቷ ልጅ አንቺ ነሽ።»

ማታ እናቷ ጥሩምባዋን ዳብሳ ዳብሳ መለሰችላት።

«በይ ንፊያት፣ ጎረቤት ይስማ።»

ነፋች፤ የወጣው ግን እናቱ የጠፋችበት ጥጃ ድምፅ ነበር።

«አባትሽም ሲጀምር እንዲሁ ነበር ያስጮኻት» አለች እናትየው እየሳቀች፤ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ደረቷን ነፍታ ተቀመጠች። «ድገሚው።»